ሜክሲኮ ላይ አልጋ ፍለጋ

«አልጋ አለ?»

በአገራችን በሆቴል ደጃፍ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። ሌላው ዓለም ክፍል ሲጠይቅ እኛ የምንጠይቀው አልጋ ነው። ከጣሊያንኛ የወረስነው «አልቤርጎ» የተባለው ቃል እንኳ በአገሩ ሆቴል ማለት ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ የሚከራይ መኝታ ማለት ሆኖ ቀርቷል። በአንጻሩ «ሆቴል» የሚለው ስም በየትንንሹ ከተማ በር ላይ ተጽፎ ይታያል፤ ገብተው ቢያዩት ግን ሻይና ፓስቲ፣ ሽሮና ጥብስ እንጂ አልጋ የሌለበት ብዙ ነው። ከዚህ የምንረዳው ሕዝባችን ፍሬውን ከገለባው ለይቶ መያዙን ነው፤ ከቤቱ ሁሉ ዋናው አልጋው ነው። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ተመርቄ፣ ሥራ ይዤም ይህን ቁም ነገር የተማርሁት በቅርቡ ነው፤ ያውም የትምህርቱን ዋጋ የከፈሉልኝ፣ እንደ ቀድሞው ሁሉ፣ አጎቴ ናቸው።

አጎቴ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት የስንቅና የልብስ የሰጡኝ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ሸጠው ነው። በዚያ ዓመት ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ሲያርሱ እንደ ከረሙ የሰማሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው፤ እሳቸው አልነገሩኝም። እኚህ ሰው ባለፈው ጥር ጉልበታቸውን ለመታየት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተቀጥረው ወደ አዲስ አበባ እንደሚመጡ እናቴ በስልክ አስታወቀችኝ።

ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ጨነቀኝ። የምኖረው ከሁለት ጓደኞቼ ጋር፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ጉልበቱ የታመመ ሽማግሌ ያን ሁሉ ደረጃ ጧት ወርዶ ማታ ይውጣ ማለት ጭካኔ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «የእኅቱ ልጅ እያለ አልቤርጎ አደረ» መባልን የመሰለ ነውር በእኛ ዘንድ የለም። ከብዙ ማመንታት በኋላ እናቴን አማከርሁ፤ እሷም «ለጉልበቱ ሲባል ይሁን» አለች። እኔም ለመሥሪያ ቤቴም ለሆስፒታሉም ቅርብ በሆነው በሜክሲኮ አካባቢ ሆቴል ልይዝላቸው ቆረጥሁ።

ሜክሲኮን የማያውቅ አዲስ አበቤ አለ ለማለት አይቻልም፤ የስሙን ምክንያት የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ ብዙዎቹ መንግሥታት እያደር የወራሪውን አገዛዝ ሲቀበሉ፣ አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ የምትመራው ሜክሲኮ ነበረች። በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊትም ድምፅዋን አሰምታለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. ያችን አገር ጎበኙ። እዚህ አደባባዩ በስሟ ተጠራ፤ እዚያም በሜክሲኮ ዋና ከተማ በኢትዮጵያ ስም አደባባይ ተሰየመ፤ በኋላም በምድር ውስጥ ባቡራቸው መስመር «ኢትዮጵያ» የተባለ ጣቢያ ተከፈተ፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። እንግዲህ በየቀኑ እየተጋፋን ታክሲ የምንሳፈርበት ይህ አደባባይ የውለታ መታሰቢያ ነው ማለት ነው።

ዛሬ ሜክሲኮ ጸጥታ የሚፈለግበት ሠፈር አይደለም። ገና ሳይነጋ «ጀሞ! ጀሞ!»፣ «አየር ጤና!»፣ «ሳር ቤት!» የሚለው የረዳቶች ጩኸት ይጀምራል። ከበላይ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ድልድይ ተዘርግቷል። በአካባቢው ተግባረ እድ አለ፤ በሰንጋ ተራ በኩል የባንኮችና የኢንሹራንሶች ረጃጅም ሕንፃዎች ተሰልፈዋል፤ በልደታ በኩል ፍርድ ቤቱ አለ፤ ወደ ሳር ቤት አቅጣጫ ወረድ ሲሉ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ይታያል። በዚህም ምክንያት በሜክሲኮ አልጋ የሚፈልገው ሰው ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ለጉባኤ የመጣ ዲፕሎማት፣ ለይግባኝ የመጣ ባለጉዳይ፣ ለሕክምና የመጣ በሽተኛ፣ ዕቃ ሊጭን የመጣ ነጋዴ፣ ሁሉም በአንድ አደባባይ ዙሪያ ያድራል።

ሠፈሩ የእንግዳ ታሪክም አያጣም። ዋቢ ሸበሌ ሆቴል ለብዙ ዘመን የአካባቢው ምልክት ሆኖ ኖሯል። በለገሃር በኩል ጥቂት ራመድ ቢሉ የሚገኘው ራስ ሆቴል ደግሞ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ለነጻነት ትግሉ ርዳታ ፍለጋ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ያረፉበት ነው። የዛሬዎቹ አዳዲስ ሆቴሎች ግን ሌላ መልክ ይዘው መጥተዋል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬን አስከትዬ ፍለጋ ወጣሁ። ይህ ወዳጄ ነገሩን ሁሉ በዘመናዊነት ሚዛን የሚመዝን ነው። «አንተ ዲግሪ ይዘህ አጎትህን ተራ አልቤርጎ ታሳድራለህ? ቡቲክ ሆቴል ያዝላቸው እንጂ!» አለኝ።

ቡቲክ ሲባል አብዛኞቻችን የምናውቀው የልብስ መደብር ነው። ነገሩም ከዚያው የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በኒው ዮርክ ሞርጋንስ የሚባል ሆቴል ሲከፈት፣ ባለቤቶቹ ቤታቸውን ከትልልቆቹ ሆቴሎች ለመለየት ትልልቆቹን ሁሉ ነገር በጅምላ ከሚሸጥበት ሰፊ መደብር ጋር፣ የራሳቸውን ደግሞ ጥቂትና የተመረጠ ዕቃ ከያዘ ቡቲክ ጋር አመሳሰሉት። ሐሳቡ መልካም ነው። ክፍሎቹ ጥቂት ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ መልክ ይኖረዋል፤ ከሁሉም በላይ እንግዳው በቁጥሩ ሳይሆን በስሙ ይታወቃል። ሐሳቡ ዓለምን ዞሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን አንዳንዴ የሚደርሰው መብራቱና መስታወቱ ብቻ ነው።

በአምስት ሆቴሎች ተዘዋወርን። አራተኛው ልቤን ወሰደው። ፊቱ በሙሉ መስታወት ነው፤ አዳራሹ ደብዘዝ ባለ መብራት ተውቧል፤ በግድግዳው ላይ ትልልቅ ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ ምድር ቤቱ ቀይ ወንበሮች የተደረደሩበት ባር ነው። መኝታ ክፍሉን ከመታጠቢያው የሚለየውም ግድግዳ ሳይሆን ወለል አድርጎ የሚያሳይ መስታወት ነው። ወዳጄ በስልኩ ፎቶግራፍ አነሣኝ። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ደቂቃ ያሰብሁት ስለ አጎቴ ጉልበት አልነበረም፤ ስለ ራሴ ነበር። አገር ቤት ተመልሰው «ልጁ እንዲህ ካለ ቤት አሳደረኝ» ሲሉ ይታየኝ ነበር። ቀብድ ከፈልሁ።

አጎቴ ሐሙስ ማታ ገቡ። በትራቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በመስታወቱ በር ሲያልፉ አስተናጋጁ ቀና ብሎ አያቸውና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ክፍላቸውን አሳየኋቸው፤ ሥዕሉን አሳየኋቸው፤ መብራቱ ሦስት ዓይነት ቀለም እንደሚሰጥ አሳየኋቸው። ታክሲ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ስለ ነበር፣ ማሳየት የሚገባኝን ሳላሳይ ወጣሁ።

ዓርብ ጧት በ1 ሰዓት ስደርስ አጎቴ ኮታቸውን እንደ ለበሱ፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አድርገው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ክፍሉ ጨለማ ነው። ጋቢያቸው በመታጠቢያው መስታወት ላይ እንደ መጋረጃ ተሰቅሏል። የበሩ ካርድ እንዳይጠፋባቸው ከግድግዳው ነቅለው ኪሳቸው ከተውት ኖሯል፤ ካርዱ ሲነቀል መብራቱም አብሮ ጠፋ፤ እሳቸው ግን የከተማው መብራት የጠፋ መስሏቸው በጨለማ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» አልኋቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቤቱስ መልካም ነው ልጄ፤ ሌሊት የሚባል ነገር አልመጣም እንጂ» አሉኝ።

ባሩ ሐሙስ ሐሙስ ባንድ አለው፤ ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ወለሉን ሲያንቀጠቅጥ ኖሯል። እሱ ሲያበቃ ጥቂት ቆይቶ የታክሲዎቹ ጥሪ ተተካ። በዋጋው ውስጥ የተካተተው ቁርስም እንቁላልና ቅቤ ነበር፤ ዕለቱ ዓርብ መሆኑን ያሰበ የለም። አጎቴ እንቅልፍ ባጣ ዓይናቸው ወደ ሐኪም ሄዱ። ራጅ ተነሥተው ሰኞ እንዲመለሱ ተነገራቸው። ስለዚህ ገና ሦስት ሌሊት ይቀራቸዋል።

በዚያው ቀን ከዋናው መንገድ ሁለት ቅያስ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ እሑድ በሩን አይቼ ንቄ ያለፍሁትን ሆቴል አንኳኳሁ። ግድግዳው ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ አልጋ ልብሱ አበባ ያለበት፣ ወንበሩ ፕላስቲክ የሆነ ቤት ነው። ፎቶግራፍ የሚነሣበት አይደለም። ነገር ግን አጎቴ ሲገቡ በእንግዳ መቀበያው ያለችው ሴት ብድግ ብላ «አባባ፣ እንኳን ደኅና መጡ» አለች። ዘበኛው በትራቸውን አይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ለእሳቸው ምድር ቤት ያለው ቁጥር ሦስት ይሻላል፤ ደረጃ የለውም» አለ። ሴትዮዋም «አባባ ዓርብ ስለሆነ ሽሮ ይሠራልዎት ወይስ ምስር?» ብላ ጠየቀች። የኒው ዮርኮቹ ሰዎች በቡቲክ ስም ያሰቡት እንግዳን ማወቅ እዚህ ነበረ፤ ስሙ ግን አልተለጠፈበትም። ዋጋው የፊተኛውን ግማሽ ነው።

ይህን ስጽፍ ዘመናዊውን ቤት ለመንቀፍ አይደለም። ለወጣት ሙሽሮች፣ ከተማውን በማታ ለማየት ለመጣ እንግዳ፣ ያ ባርና ያ ባንድ ደስታ ነው። ስሕተቱ የቤቱ አልነበረም፤ ማን እንደሚያድርበት ሳያስብ የመረጠው ሰው ነበር። እናንተም ወጣቶች፣ የመጀመሪያ ደመወዛችሁን ስትቀበሉ ዘመድ መምጣቱ አይቀርምና፣ ከእኔ ኪሣራ ብትማሩ መልካም ነው።

በመጀመሪያ የእንግዳውን ጉዳይ ጠይቁ። ሆስፒታል ለሚሄድ ወደ ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት ለሚሄድ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደውን መንገድ በእግራችሁ ሂዱበትና ዳገቱን እዩ። ሁለተኛ፣ ሆቴሉን በቀን አትዩ፤ በማታ፣ ባሩ በሚሞቅበት ቀን እዩት። ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ በሩንም መስኮቱንም ዘግታችሁ አምስት ደቂቃ ዝም በሉ፤ የምትሰሙት ሁሉ እንግዳው የሚሰማው ነው። ሦስተኛ፣ ሻወሩን ክፈቱት፤ ውሃ ሲጠፋ ሮቶ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር መኖሩን ጠይቁ። አራተኛ፣ የተነገራችሁ ዋጋ የመጨረሻው መሆኑን አረጋግጡ፤ 2000 ብር የተባለ አልጋ የአገልግሎት 10 በመቶ፣ በዚያም ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ሲታከልበት 2530 ብር ይሆናል።

ስለ ኮከብም አንድ ቃል ልጨምር። በ2007 ዓ.ም. የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም የቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ለሆቴሎቻችን የኮከብ ደረጃ ሰጥቷል። ይህ ጠቃሚ ሥራ ነው። ሆኖም ኮከብ የቤቱን ደረጃ ይነግራችኋል እንጂ የትኛው መስኮት ወደ ታክሲ ተራው እንደሚከፈት አይነግራችሁም፤ ዘበኛው ለሽማግሌ የሚያዝን መሆን አለመሆኑንም አይነግራችሁም። ይህን የሚያውቀው በእግሩ ሄዶ ያየ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጧት ወደ ቢጫው ቤት የደረስሁት በ2 ሰዓት ተኩል ነበር። አጎቴ ዶሮ ሳይጮኽ የሚነሡ ሰው ስለሆኑ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል ብዬ ነበር። የሉም። ወደ ቁጥር ሦስት ሳመራ ዘበኛው ከአግዳሚ ወንበሩ ላይ እጁን አንሥቶ አስቆመኝ።

«ተኝተዋል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌሊት ከልደታ በኩል ቅዳሴ ሲሰማ ነቅተው ጸለዩና መልሰው ተኙ። አይቀስቅሷቸው።»

እሺ ብዬ ከጎኑ ተቀመጥሁ። ከዋናው መንገድ «ጀሞ! ጀሞ!» የሚለው ጥሪ ከሩቅ ይሰማል። አጎቴ የተነሡት በ3 ሰዓት ተኩል ነው።