የጤፍ ብረትና በዘር የሚተላለፍ የብረት ክምችት ሕመም፦ ከአዳማና ከአካባቢው ከተሞች አንጻር

የሰው አካል ትርፍ ብረትን የሚያስወግድበት የራሱ መንገድ የለውም። ጤናማ ጎልማሳ በሰውነቱ ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት ሲኖረው፣ በቀን የሚያጣው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ የሚጠበቀው በአንጀት በኩል የሚገባውን በመወሰን ነው። ይህን የሚቆጣጠረው ጉበት የሚያመነጨው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ሲሆን፣ ብረት ሲበዛ መጠኑ ከፍ ብሎ ቅበላውን ይገታል። በዘር በሚተላለፈው የብረት ክምችት ሕመም፣ ማለትም በሄሞክሮማቶሲስ፣ ሄፕሲዲን ስለሚያንስ ብረት ያለ ገደብ ይገባል።

የሕመሙ ዋነኛ መንስኤ በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ በሚገኘው ኤች ኤፍ ኢ በተባለ ዘረ መል ላይ የሚከሰት ለውጥ መሆኑ የታወቀው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ለሕመሙ የሚጋለጠው በተለይ ለውጡን ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ሰው ነው። ትርፉ ብረት ለዓመታት በጉበት፣ በቆሽት፣ በልብና በመገጣጠሚያዎች ተጠራቅሞ ሕዋሳትን ይጎዳል፤ ውጤቱም የጉበት ጠባሳና ካንሰር፣ የስኳር ሕመም፣ የልብ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የቆዳ መጥቆር ነው። ሴቶች በወር አበባና በወሊድ ደም ስለሚያጡ ምልክቱ በአብዛኛው ዘግይቶ ይታይባቸዋል።

ይህ የዘረ መል ለውጥ በሰሜን አውሮፓ ተወላጆች ዘንድ የተለመደ ሲሆን በአፍሪካውያን ዘንድ እጅግ ጥቂት ነው። ጤፍ ዋና ምግብ በሆነባቸው በአዳማ፣ በሞጆና በቢሾፍቱ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሳል፦ ዘወትር እንጀራ የሚመገብ ሰው ከእህሉ በሚያገኘው ብረት ለክምችት አይጋለጥምን? ስዊድናዊው ሐኪም ኢንግቬ ሆፍቫንደር በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያውያን የዕለት የብረት ቅበላ እጅግ ከፍተኛ መሆኑን አመልክተዋል። ከዚህ ብረት ብዙው ግን ከአፈር የመጣ ነው። ጤፍ በመሬት አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ አፈር ይቀላቀልበታል፤ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑም አበጥሮ ለመለየት ያስቸግራል። የአፈር ብረት በቀላሉ አይሟሟም፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴትም ብረትን አስሮ ስለሚይዝ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። በአንጻሩ በደቡባዊ አፍሪካ በብረት ዕቃ የሚጠመቀው ባህላዊ ቢራ የብረት ክምችት አስከትሏል፤ ኮምጣጣው መጠጥ የዕቃውን ብረት ስለሚያሟሟው ነው። እንግዲህ ወሳኙ የብረቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ነው። በጤፍ ላይ የሚነበበው ከፍተኛ አኃዝ የክምችት ማስረጃ አይሆንም፤ የደም ማነስን ለመከላከልም ብቻውን ዋስትና አይሰጥም።

ይህ ጥንቃቄ በምርመራም ያስፈልጋል። ፌሪቲን የብረት ክምችትን ቢያመለክትም በወባ፣ በሌላ ኢንፌክሽን፣ በጉበት ብግነትና በአልኮል ምክንያትም ከፍ ይላል። ወባ በሚከሰትባቸው የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ፌሪቲን ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም፤ የትራንስፈሪን ሙሌት አብሮ ሊለካ ይገባል፤ ከ45 በመቶ በላይ ከሆነም ተጨማሪ ምርመራ ይሻል። ሕክምናው ደም መቅዳት ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ የሚቀዳ 500 ሚሊ ሊትር ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ያወጣል። ሕመምተኛውን በጊዜ ከተደረሰበት የጉበት ጠባሳ ያድነዋል፤ በስህተት የደም ማነስ ላለበት ሰው ከተሰጠ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው።