ዓሣ ነባሪን በቁሙ የሚሸጡት የካይኮራ ቤተሰቦች

ሻጩ ሸቀጡን አልገዛውም፤ አላመረተውም፤ በመጋዘንም አላስቀመጠውም። ገዢው ደግሞ ከፍሎ ያየዋል እንጂ ይዞት አይሄድም። ዛሬ የተሸጠው ነገም፣ የዛሬ ዓመትም ለሌላ ገዢ ይሸጣል። እንዲህ ያለ ንግድ አለ ቢባል መርካቶ ውስጥ ያደገ ነጋዴ ሊስቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ካይኮራ በምትባል አነስተኛ የኒውዚላንድ የባሕር ዳር ከተማ ጥቂት ቤተሰቦች መኖሪያ ቤታቸውን ለብድር አስይዘው የገቡበት ንግድ ይኸው ነው። ሸቀጡ ዓሣ ነባሪ ነው።

ዓሣ ነባሪ ስሙ ዓሣ ይበል እንጂ ዓሣ አይደለም። በሳንባው ይተነፍሳል፤ ግልገሉን ያጠባል። ለመተንፈስ ከውኃው በላይ መውጣቱ ግድ በመሆኑም ገበያው የቆመው በዚሁ ትንፋሹ ላይ ነው። ሰው በጀልባ ሄዶ ዓሣ ነባሪ ለማየት ገንዘብ መክፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የትኬቱ ዋጋ በነፍስ ወከፍ 1 ዶላር ነበር። የእንስሳት ደኅንነት ዓለም አቀፍ ፈንድ በ2009 ባወጣው ጥናት መሠረት በ2008 ብቻ በ119 አገሮችና ግዛቶች 13 ሚሊዮን ሰዎች በእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ተካፍለዋል። ያወጡት ገንዘብም ባጠቃላይ 2 ነጥብ 1 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል።

ከዘይት ገበያ ወደ ትኬት ገበያ

ካይኮራ ከዓሣ ነባሪ ጋር የተዋወቀችው በሌላ ንግድ ነው። ሮበርት ፋይፍ የተባለ ሰው በ1842 በዚያ የዓሣ ነባሪ ማደኛ ጣቢያ አቋቋመ። በዘመኑ ገበያ የሚፈለገው የእንስሳው ስብ ነበር፤ እየቀለጠ ለመብራት ዘይት ይሆናል። ስፐርም የሚባለው ዝርያ ደግሞ በጭንቅላቱ ውስጥ የሚገኘው ሰም መሰል ቅባት ለሻማ ይፈለግ ነበር፤ ከአንጀቱ የሚወጣው አምበርግሪስም እንደ ኢትዮጵያው ዝባድ በሽቶ ቀማሚዎች ዘንድ ውድ ነበር። ፋይፍ ሀውስ እየተባለ የሚጠራው ቤት ዛሬም ድረስ በከተማዋ ቆሟል። መሠረቱ ላይ የዓሣ ነባሪ አከርካሪ አጥንቶች ይታያሉ።

የዚያ ንግድ ሒሳብ ቀላል ነው። አንድ ዓሣ ነባሪ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው። አዳኙ በበረታ ቁጥር ሸቀጡ እየመነመነ ሄዶ የኒውዚላንድ አደን በ1964 አበቃ። በ1978 ደግሞ አገሪቱ የባሕር አጥቢ እንስሳትን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች።

በ1980ዎቹ ካይኮራ ክፉ ቀን ገጠማት። መንግሥት የኢኮኖሚ ለውጥ አድርጎ የምድር ባቡርና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ሲቀንሱ ብዙ ሰው ሥራ ፈት ሆነ። ከሁሉ የባሰው ችግር የወደቀው በአገሬው ተወላጆች በማኦሪዎች ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ቢል ሶሎሞን የተባሉ የማኅበረሰቡ መሪና ጓደኞቻቸው ዓይናቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። በማኦሪዎች ትውፊት ፓይኬያ የተባለው አባት ወደ አገሪቱ የመጣው በዓሣ ነባሪ ጀርባ ላይ ሆኖ ነው። ልጆቹን ከሥራ አጥነት የሚያወጣቸውም ያው እንስሳ ሊሆን እንደሚችል አመኑ።

እምነት ብቻውን ግን ጀልባ አይገዛም። በ1987 ዌል ዎች ካይኮራ የተባለው ድርጅት ሲመሠረት ቤተሰቦቹ ቤታቸውን በመያዣነት አስይዘው ተበደሩ። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ባሕሩን ያዩት በአየር በምትነፋ አነስተኛ ጀልባ ነበር። ዛሬ ድርጅቱ የሚሠራው ባለ ሁለት ቀፎ ትላልቅ ጀልባዎች ይዞ ነው።

ቦታው ራሱ ካፒታል ነው

ዓሣ ነባሪ የሚታይበት አገር ብዙ ነው። ካይኮራን ለየት የሚያደርጋት ከባሕር በታች ያለው ገደል ነው። በአብዛኛው የዓለም ክፍል ወደ ጥልቁ ባሕር ለመድረስ ብዙ መጓዝ ያስፈልጋል። እዚህ ግን ከዳርቻው ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ጥልቀቱ ከ1 ሺህ ሜትር ያልፋል። በገደሉ ውስጥ የሚርመሰመሰው ምግብ ስፐርም ዓሣ ነባሪዎችን ዓመቱን ሙሉ ይስባል። የሚመጡት ወንዶቹ ናቸው፤ ሴቶቹና ግልገሎቻቸው ሞቃት ባሕር ይመርጣሉ። አንዱ ወንድ እስከ 16 ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማል፤ ክብደቱም ከ40 ቶን ሊያልፍ ይችላል። ሙሉ ጭነት የያዘ ተሳቢ መኪና ማለት ነው።

የጀልባው አዛዥ ሥራ ፍለጋ ነው። የውኃ ውስጥ ማዳመጫ ወደ ባሕሩ ያወርድና ያዳምጣል። ስፐርም ዓሣ ነባሪ በጨለማው ጥልቅ ምግቡን የሚፈልገው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ እያሰማ ነው። ድምፁ ከወዴት እንደሚመጣ የለየ አዛዥ ጀልባውን ወደዚያ ያቀርባል። ድምፁ ሲቋረጥ እንስሳው ወደ ላይ እየወጣ ሊሆን ይችላል። ከወጣም በኋላ ጊዜው አጭር ነው፤ አሥር ደቂቃ ያህል ሲተነፍስ ይቆያል፤ ከአፍንጫው የሚወጣው እንፋሎት ወደ ግራ ዘመም ብሎ ይታያል። ከዚያም ጀርባውን አጉብጦ፣ ሰፊ ጅራቱን ወደ ሰማይ አንሥቶ ይሰጥማል። እንደገና እስኪወጣ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የጅራቱ ጠርዝ ቅርጽ በእያንዳንዱ ዓሣ ነባሪ ላይ ስለሚለያይ ተመራማሪዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት በዚሁ ነው።

በመካከሉ እንግዳው ባዶውን አይቀመጥም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ደስኪ ዶልፊኖች በአንድነት ሲዘሉ ይታያሉ። ከዓለም ትንንሽ ዶልፊኖች አንዱ የሆነው፣ ከኒውዚላንድ በቀር የትም የማይገኘው የሄክተር ዶልፊንም አለ። በድንጋዩ ላይ ሲል የሚባሉት ጠጉራም የባሕር እንስሳት ፀሐይ ይሞቃሉ። ከጀልባው በላይ አልባትሮስ የተባለው ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ያንዣብባል፤ የትልልቆቹ ዝርያዎች ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ይደርሳል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዓሣ ነባሪ ያልታየ እንደሆነስ? ድርጅቱ የትኬቱን ዋጋ 80 በመቶ ይመልሳል። ጀልባው የተመላለሰበት ነዳጅ ግን ተቃጥሏል። ሻጩ ራሱ የማያዝበትን ሸቀጥ ዋስ ሆኖ መሸጡ ድፍረት ይመስላል፤ ነገር ግን ከሩቅ አገር የመጣን ገዢ ጥርጣሬ የሚያስወግደው ይህ ዋስትና ነው።

ዋናውን ገንዘብ ላለመብላት

መንግሥት በ1992 ያወጣው ደንብ ጥብቅ ነው። በአንድ ዓሣ ነባሪ ዙሪያ በ300 ሜትር ክልል ውስጥ ከ3 በላይ ጀልባ መገኘት አይችልም። ከ50 ሜትር በላይ መጠጋት ክልክል ነው፤ እንስሳው መረበሹን ካሳየ ጀልባው መራቅ አለበት። የንግድ ጉዞ ለማካሄድም ፈቃድ ያስፈልጋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ለአንድ ፎቶግራፍ ሲባል አጠገቡ የተጠጋ ጀልባ የነገውን ገበያ ሊያባርር ይችላል።

ፈቃዱ ራሱ ሙግት አስነሥቷል። ለሌላ ተወዳዳሪ ፈቃድ ሊሰጥ ሲል የማኦሪዎቹ ጎሣ ንጋይ ታሁ ክስ መሠረተ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1995 በሰጠው ውሳኔ ጎሣው ብቸኛ ባለመብት ነው አላለም። ነገር ግን መንግሥት ፈቃድ ሲሰጥ ከማኦሪዎች ጋር በገባው ውል መንፈስ ለንጋይ ታሁ ተገቢ የቅድሚያ ግምት ሊሰጥ እንደሚገባ ወሰነ።

ሕግና ዋስትና የማይመልሱት ነገርም አለ። ኖቬምበር 14 ቀን 2016 ከእኩለ ሌሊት በኋላ 7 ነጥብ 8 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን መታ። ሁለት ሰዎች ሞቱ። ዋናው የአውራ ጎዳናና የባቡር መሥመር ተዘጋ። የወደቡ ወለል ወደ ላይ ተነሥቶ ጀልባዎቹ ውኃ አጠራቸው። ወደቡ ተቆፍሮ፣ መንገዱም ተጠግኖ በዲሴምበር 2017 እስኪከፈት ድረስ ንግዱ አንድ ዓመት ያህል ተቀዛቀዘ። ከባሕር በታችም 850 ሚሊዮን ቶን የሚገመት ደለል ከገደሉ መጥረጉን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ደለሉ ሲወርድ በገደሉ ወለል የሚኖረው ሕይወት አብሮ ተጠርጎ ስለነበር፣ ዓሣ ነባሪዎቹ ምግብ የሚፈልጉበትን ቦታ ለአንድ ዓመት ያህል ለውጠው ታይተዋል። በ2020 ደግሞ በኮቪድ ምክንያት የአገሪቱ ድንበር ተዘጋ። ሴፕቴምበር 2022 ወፍ ሊያዩ የወጡ ሰዎችን የያዘች ሌላ ጀልባ በካይኮራ አቅራቢያ ተገልብጣ 5 ሰዎች ሞቱ። ጀልባዋን የገለበጣት ከዓሣ ነባሪ ጋር መጋጨቷ ሳይሆን እንዳልቀረ ተገምቷል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለረጅም ዘመን የሚያሳስበው የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የደረሱበት ነው። ወደ ካይኮራ የሚመጡት ስፐርም ዓሣ ነባሪዎች ቁጥር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ቀንሷል። ይህን ኪሳራ በብድር መሙላት አይቻልም። ቤታቸውን ያስያዙት ቤተሰቦች ዕዳ በገንዘብ የሚከፈል ነበር። የባሕሩን ሒሳብ ግን የሚያውቀው በማዳመጫው የሚጠብቀው የጀልባ አዛዥ ነው፤ ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ እስከተሰማ ድረስ ገበያው ክፍት ነው።