ትኩስ ቲማቲም፣ እርጥብ ጡብና የምግብ ባንክ

ባንክ ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው ገንዘብ ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ በፊኒክስ ከተማ፣ ጆን ቫን ሄንግል የተባሉ በጎ ፈቃደኛ አንዲት ቤተ ክርስቲያን በለገሰችው አሮጌ ዳቦ ቤት ውስጥ ያቋቋሙት ተቋም የሚያስቀምጠው ገንዘብ ሳይሆን ምግብ ነበር። የተረፈው ያስቀምጣል፤ የተቸገረው ያወጣል። ‹‹የምግብ ባንክ›› የሚለው ስያሜም ከዚያ ተነሥቶ በብዙ አገሮች ተሰራጨ።

የገንዘብና የምግብ ባንክ ምስስል ግን በአንድ ነጥብ ላይ ይፈርሳል። በገንዘብ ባንክ የተቀመጠ ብር ወለድ ይወልዳል፤ በምግብ ባንክ የተቀመጠ ጎመን ይጠወልጋል። የታሸገ ባቄላና ፓስታ መደርደሪያ ላይ ወራትን ሲያሳልፉ፣ ለሕፃናትና ለእናቶች ይበልጥ የሚያስፈልገው ትኩስ አትክልት ግን በቀናት ውስጥ ያልቃል። ለመሆኑ ይህ ለምን ይሆናል?

የተቀጠፈ ቲማቲም የሞተ ነገር አይደለም። ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ይወስዳል፣ ስኳሩን ያቃጥላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ሙቀት ያወጣል። ከእናት ተክሉ ስለ ተለየ ያቃጠለውን የሚተካለት የለም። መጠነ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የዚህ እስትንፋስ ፍጥነት በግምት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያድጋል። እንግዲህ በ30 ዲግሪ የተቀመጠ ሣጥን በ20 ዲግሪ ከተቀመጠው ጋር ሲነጻጸር ዕድሜው ቢያንስ በግማሽ ያጠረ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ከዚህም በላይ የተከመረ አትክልት በራሱ ትንፋሽ ራሱን ያሞቃል፤ በጆንያ ታጭቆ በአይሱዙ መኪና የሚጓዝ ጎመን መሐሉን ቢዳስሱት ይህ ግልጽ ይሆናል።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት መሠረት በዓለም ከሚመረተው ምግብ 14 በመቶ ያህሉ ከአዝመራ በኋላ፣ ቸርቻሪው ዘንድ ሳይደርስ ይጠፋል። አትክልትና ፍራፍሬ ከዚህ ጉዳት ድርሻቸው ከፍ ያለ ነው። ገበሬው ይህን ያለ ቁጥር ያውቀዋል። በመቂና በዝዋይ አካባቢ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ቲማቲሙ ሁሉ በአንድ ሳምንት ሲደርስ ደላላው የቆረጠለትን ዋጋ ከመቀበል ሌላ ምርጫ አይኖረውም፤ ነገ ዛሬን አይሆንምና። የለቀማ ጉልበት ዋጋውን ካልሸፈነም ምርቱ እማሳው ላይ ይቀራል።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ምርት ለተቸገሩ ማድረስ ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው ጥንታዊው ቃርሚያ ነው። ሩት በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው ዓይነት ሥራ ዛሬም በአሜሪካ በበጎ ፈቃደኞች ይከናወናል፤ ቫን ሄንግልም የጀመሩት ከዛፍ ላይ የቀረ ብርቱካንና ሎሚ በማስለቀም ነበር። ሁለተኛው መግዛት ነው። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2021 ክልሎች ከአካባቢ ገበሬዎች በተገቢ ዋጋ ገዝተው ለምግብ ባንኮች እንዲያቀርቡ እስከ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ፕሮግራም ይፋ አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ግን የቀጣዩ ዙር ገንዘብ ተሰረዘ፤ በዚያ ተስፋ ዘር የዘሩ ገበሬዎችም ገዢያቸውን አጡ። እኛ ሁለተኛውን መንገድ እንመርጣለን። ስጦታ የሚገኘው ሲተርፍ ብቻ ነው፤ የተረጋገጠ ግዥ ግን ገበሬው ለከርሞ እንዲዘራ ያደርገዋል። ነገር ግን የአንድ ዓመት ግዥ የተረጋገጠ ግዥ እንዳልሆነ ከዚሁ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ወደ ራሳችን ሙያ እንመለስ። አንድ ቶን ቲማቲም ከ30 ወደ 20 ዲግሪ ለማውረድ ምን ያህል ሙቀት መነሣት አለበት? ቲማቲም ከዘጠና በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ አንድ ኪሎውን በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 4 ኪሎጁል ያህል እንወስዳለን፤ በድምሩ 40,000 ኪሎጁል ይሆናል። አንድ ኪሎ ውኃ ሲተን ደግሞ ከአካባቢው ወደ 2,400 ኪሎጁል ይወስዳል። ብናካፍለው 17 ሊትር ያህል ይመጣል፤ ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያነሰ! እርግጥ ነው፣ ከውጭ የሚገባውንና ቲማቲሙ ራሱ የሚያመነጨውን ሙቀት ለማስወገድ በየቀኑ ተጨማሪ ውኃ ያስፈልጋል። ቢሆንም የስሌቱ መልእክት አይለወጥም። (በፈተና ላይ ሁልጊዜ በተዳፋት ላይ የሚንሸራተት ሣጥን የምንጠይቅ መምህራን ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ብንጠይቅ ምን ነበረበት?)

ይህን መርህ እናቶቻችን በእንስራ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ትንሹን የሸክላ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አስቀምጠው በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ በመሙላት አትክልት ማቆያ ሠሩበት፤ እ.ኤ.አ. በ2000ም የሮሌክስ ሽልማት አገኙበት። የሕንድ የግብርና ምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች ደግሞ ቀደም ብለው ነገሩን አስፍተውት ነበር፦ ሁለት የጡብ ግድግዳዎች፣ በመካከላቸው ጠዋትና ማታ የሚረጥብ የወንዝ አሸዋ፣ ከላይ የሣር ክዳን። መብራት አይሻም።

ወሰኑንም መናገር ይገባናል። ትነት የሚያቀዘቅዘው አየሩ ሲደርቅ ነው። አየሩ 30 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 30 በመቶ ሲሆን በትነት ሊደረስበት የሚችለው ዝቅተኛ መጠነ ሙቀት 18 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እርጥበቱ 80 በመቶ ከሆነ ግን 27 ላይ እንቆማለን። ስለዚህ ጅዳ ወይም ምጽዋ ላይ ብዙም አይረዳም፤ በስምጥ ሸለቆ በጋ ግን፣ ማለትም የመስኖ ቲማቲም ገበያውን በሚያጥለቀልቅበት ወቅት፣ በሚገባ ይሠራል። የበረሃዋ ፊኒክስ ነዋሪዎችም ቤታቸውን ለረጅም ዘመን ያቀዘቀዙት በእርጥብ ንጣፍ ውስጥ አየር በሚነፍስ ማሽን ነበር። ለቲማቲም ሌላም ጥቅም አለው፤ ከ12 ዲግሪ በታች ለብዙ ቀናት ቢቆይ ጣዕሙና ገላው ስለሚበላሽ ኃይለኛ ማቀዝቀዣ አይስማማውም። ጎመንና ሰላጣ ግን ወደ ዜሮ የቀረበ ቅዝቃዜ ስለሚፈልጉ እርጥቡ ጡብ የሚሰጣቸው ጥቂት ተጨማሪ ቀናትን ብቻ ነው።

እነዚያ ጥቂት ቀናት ግን ለአንድ የትምህርት ቤት ምገባ ወጥ ቤት ከሰኞ ግዥ እስከ ዓርብ ምሳ ማለት ናቸው። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የትምህርት ቤት ምገባን ከአካባቢ ገበሬዎች ምርት ጋር የማገናኘት ሙከራ ሲደረግ ቆይቷል፤ እህል ለዚህ ይመቻል፣ አትክልት ግን ማቆያ ይጠይቃል። አንድ ትምህርት ቤት ማቆያውን ከመገንባቱ በፊት ማወቅ ያለበት የአካባቢውን አየር ነው። ሁለት ቴርሞሜትሮች ይበቃሉ፤ የአንዱን ጫፍ በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ሥር በነፋስ ላይ ስቀሉ፣ ሌላውን ደረቅ ተዉት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሁለቱ መካከል የ8 ዲግሪ ወይም የበለጠ ልዩነት ካነበባችሁ ጡብና አሸዋውን መፈለግ ትችላላችሁ።