ከመማሪያ ክፍል እስከ ማዘዣ ወረቀት፦ ክሊኒካል ፋርማኮሎጂን ለሕክምና ተማሪዎች ማስተማር

ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት አንድ ታማሚ በቀን 300 ሚሊ ግራም ፌኒቶይን እየወሰደ ወደ ሆስፒታል ይመጣል እንበል። በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን ሲለካ በአንድ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ሆኖ ተገኘ። ተፈላጊው መጠን ከ10 እስከ 20 በመሆኑ ታማሚው ያለው በዝቅተኛው ጫፍ ላይ ነው፤ በሽታውም አሁንም አልፎ አልፎ ይጥለዋል። ሐኪሙ የቀኑን መድኃኒት ወደ 400 ሚሊ ግራም ከፍ ቢያደርግ በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ስንት ይደርሳል? ይህን ጥያቄ የፋርማኮሎጂን ፈተና በጥሩ ውጤት ላለፉ ተማሪዎች ስናቀርብ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው መልስ «13 ገደማ» የሚል ነው። መድኃኒቱ በሲሶ ስለጨመረ ውጤቱም በሲሶ ይጨምራል ከሚል ቀና አስተሳሰብ የመነጨ መልስ ነው። በአማካይ ቁጥሮች ተሰልቶ የሚገኘው መልስ ግን 80 ነው።

80 በወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ ነው። በታማሚው ላይ ግን የዓይን መርገብገብ፣ የእግር መንገዳገድ፣ የምላስ መተሳሰርና ከባድ ድብታ ይሆናል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይከሰትም፤ መጠኑ ቀስ በቀስ በሳምንታት ውስጥ ስለሚከማች ታማሚው የሚታመመው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ቤተ ሰቡ ጠጥቶ የመጣ ሊመስላቸው ይችላል። የከፋው ደግሞ በሽታው የባሰበት መስሏቸው መድኃኒቱን ሲያጠብቁበት ነው።

ለመሆኑ 13 የተጠበቀው እንዴት 80 ሆነ? አብዛኞቹ መድኃኒቶች ከሰውነት የሚወገዱት ውኃ ታችኛው ጎኑ ከተቀደደ እንስራ እንደሚወጣ ነው። እንስራው በሞላ መጠን ፍሰቱ ይበረታል፤ ሲጎድል ይዳከማል። የሚጨመረው ሲበዛ የሚወጣውም አብሮ ስለሚበዛ ውኃው አዲስ ከፍታ ላይ ይረጋጋል። ፌኒቶይን ግን የሚመስለው ወፍጮ ቤትን ነው። ወፍጮው በቀን ሊፈጭ የሚችለው እህል የተወሰነ ነው። የሚመጣው እህል ከዚያ በጣም እስካነሰ ድረስ ወረፋ አይታይም፤ ወደ ገደቡ ከተቃረበ በኋላ ግን ጥቂት ኩንታል ብቻ ሲጨመር ወረፋው ከደጅ ወጥቶ መንገድ ይይዛል።

በዚህ ምሳሌ ወፍጮው ጉበት ነው። አንድ አዋቂ ሰው በአማካይ በኪሎ ግራም ክብደቱ እስከ 7 ሚሊ ግራም ፌኒቶይን በቀን ሊያስወግድ ይችላል፤ ለታማሚያችን ይህ 420 ሚሊ ግራም ይሆናል። ጉበቱ በግማሽ አቅሙ የሚሠራው ደግሞ በደም ውስጥ ያለው መጠን በሊትር 4 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን ነው። ስሌቱ እንግዲህ ቀላል ነው፦ የቀኑን መድኃኒት በ4 አባዝቶ፣ ከ420 ላይ የቀኑ መድኃኒት ተቀንሶ በሚቀረው ማካፈል። በ300 ሚሊ ግራም፣ 1200 ለ120 ሲካፈል 10 ይሰጣል። በ350፣ 1400 ለ70 ሲካፈል 20 ይሆናል። በ400፣ 1600 ለ20 ሲካፈል 80። በ420ማ መረጋጋት የሚባል ነገር የለም። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች በዚህ ደረጃ ላይ ፌኒቶይንን ከ25 እስከ 50 ሚሊ ግራም ብቻ እየጨመሩ የሚጠብቁት ለዚህ ነው። ቁጥሮቹ ከሰው ሰው እንደሚለያዩ ግን አንባቢ ልብ ይበል፤ የደም ምርመራው በማይገኝበት ሥፍራ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን ያለበትም ስለዚህ ነው።

የሚያስገርመው፣ 13 ብሎ የመለሰው ተማሪ ይህን ትምህርት ያልተማረ አለመሆኑ ነው። ቀመሩን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት በቅድመ ክሊኒክ ትምህርቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አይቶታል፤ በፈተና ወረቀትም ላይ ጽፎታል። ያኔ ግን ታማሚ አልነበረም። ታማሚው በመጣበት ጊዜ ደግሞ ቀመሩ የለም። የተለመደው የሕክምና ትምህርት አደረጃጀት ፋርማኮሎጂን በአንድ በኩል፣ የሕሙማን ክፍልን በሌላ በኩል አስቀምጦ በመካከሉ ገደል ይተዋል። ክሊኒካል ፋርማኮሎጂ የሚባለው የትምህርት ዘርፍ የዚህ ገደል ድልድይ ነው። ጥያቄው «ይህ መድኃኒት ምን ይሠራል?» መሆኑ ይቀርና «ለዚህ ሰው የትኛው መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን፣ ለስንት ጊዜ?» ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተመው የመልካም መድኃኒት አዘዛዝ መመሪያ መነሻው በኔዘርላንድስ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ የነበረ ትምህርት ነው። ተማሪው የታማሚውን ችግር ይለያል፤ የሕክምናውን ግብ ይወስናል፤ አስቀድሞ አጥንቶ የመረጠው መድኃኒት ለዚህ ታማሚ መስማማቱን ያረጋግጣል፤ ያዝዛል፤ ለታማሚው ያስረዳል፤ በመጨረሻም ውጤቱን ይከታተላል። ስድስቱ ደረጃዎች ሲነበቡ ማንም የሚያውቃቸው ይመስላሉ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1995 ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት በሰባት የሕክምና ትምህርት ቤቶች፣ ከእነዚህም ውስጥ በሌጎስ፣ በካትማንዱና በዮጊያካርታ፣ 219 ተማሪዎችን በዕጣ ከፋፍሎ ሲመዝን፣ በዚህ ዘዴ የሠለጠኑት ካልሠለጠኑት ልቀው ተገኝተዋል። ብልጫው በክፍል ውስጥ ባላዩአቸው አዳዲስ ችግሮችም ላይ ታይቷል፤ ከስድስት ወር በኋላም አልጠፋም። በእኛ አስተያየት የጥናቱ ትልቁ ቁም ነገር ያልተማሩትን መፍታት መቻላቸው ነው፤ በቃል የተያዘ ዝርዝር ይህን አያደርግም።

ሆኖም ሁሉንም ጥፋት በዕውቀት ማነስ ላይ መጫን አይገባም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነ ጥናት በ19 ሆስፒታሎች 124,260 የመድኃኒት ትእዛዞችን መርምሮ 8.9 በመቶ ያህሉ ስህተት እንዳለባቸው አረጋግጧል። ብዙዎች ጥፋተኞቹ የመጀመሪያ ዓመት ሐኪሞች ይሆናሉ ብለው ጠብቀው ነበር። የእነርሱ ስህተት 8.4 በመቶ ሲሆን የሁለተኛ ዓመቶቹ ግን 10.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ አንጋፋዎቹ ስፔሻሊስቶችም ቢሆኑ 5.9 በመቶ ነበራቸው። ድካም፣ ጥድፊያ፣ ግልጽ ያልሆነ ወረቀትና «አለቃዬን እንዴት ልጠይቅ?» የሚል ፍርሃት የራሳቸው ድርሻ አላቸው። 5 ለማለት «5.0» ተብሎ የተጻፈ መጠን ነጥቡ ከደበዘዘ 50 ሆኖ ይነበባል። ይህን ለተማሪ ማስተማር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በአገራችን ደግሞ ከውጭ በመጣ መማሪያ መጽሐፍ ብቻ ሊሸፈን የማይችል ነገር አለ። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ኃይሉን የሚያገኘው በጉበት ውስጥ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ለውጡን የሚያከናውነው ኢንዛይም ሲ.ዋይ.ፒ. 2 ዲ 6 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና የሥራ ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት 122 ኢትዮጵያውያን ውስጥ 29 በመቶ ያህሉ የዚህን ኢንዛይም ጂን ተባዝቶ በተገኘበት መልክ ይዘውታል። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። ጂኑ የበዛለት ሰው ኮዴይንን ከተለመደው ፍጥነት በላይ ወደ ሞርፊን ሊለውጥ ስለሚችል ለሌላው ልከኛ የሆነው መጠን ለእርሱ ትንፋሽ የሚያፍን ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንዳይሰጥ ያስጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በስቶክሆልም «ብርቅ» የሚባለው ታማሚ በአዲስ አበባ የተመላላሽ ክፍል ወረፋ ላይ ከሦስትና ከአራት ሰው አንዱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የመድኃኒቶች መስተጋብርም እንዲሁ ከአገር በሽታ ጋር አብሮ መማር ይኖርበታል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የጉበትን ኢንዛይሞች ያበዛል፤ ወፍጮ ይጨምራል ብንል ይቀላል። በዚህም የተነሳ የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። በክንድ ሥር የሚቀበረው መከላከያም ኃይሉ ይቀንሳል። ለኤች.አይ.ቪ. የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ከሪፋምፒሲን ጋር ሲሆን በቀን አንድ ጊዜ 50 ሚሊ ግራም መሆኑ ቀርቶ በቀን ሁለት ጊዜ 50 ይደረጋል። የልብ ክፈፍ ሕመም ኖሯት ዋርፋሪን የምትወስድ ታማሚ ሪፋምፒሲን ስትጀምር ደሟ ሊረጋ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናዋን ስትጨርስ ደግሞ፣ የተጨመረላት ዋርፋሪን ካልተቀነሰ፣ ደም ሊፈስሳት ይችላል። ተማሪዎች የመጀመሪያውን ቶሎ ይይዙታል፤ ሁለተኛውን ይረሱታል።

ከስድስቱ ደረጃዎች ውስጥ በጣም የሚናቀው «ማስረዳት» የሚለው ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ካርዱም በእንግሊዝኛ፣ ታማሚው ግን በአገሩ ቋንቋና በአገሩ ሰዓት የሚኖር ነው። በካርድ ላይ 8፡00 ተብሎ የተጻፈውን የጠዋት መድኃኒት ታማሚው «ስምንት ሰዓት» ብሎ ካነበበው ከቀትር በኋላ ይወስደዋል፤ ሐኪሙ ማለት የነበረበት ሁለት ሰዓት ነበር። «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ» የሚለው ትእዛዝስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾሙ እናት ምን ማለት ነው? ረመዳንን ለሚጾሙ አባትስ? ብዙዎቹ ሐኪሙን ላለማስቀየም «እሺ ልጄ» ብለው ይወጣሉ፤ ቤታቸው ገብተው ግን አንዱን ጊዜ ይዘሉታል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ማዘዣውን ከጻፉ በኋላ ታማሚውን «እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት መልሰው ይንገሩኝ» እንዲሉ እናስገድዳለን። መጀመሪያ ያፍራሉ፤ መልሱን ሲሰሙ ግን ማዘዣውን ራሳቸው ተቀብለው ያስተካክላሉ።

በመጨረሻው ፈተና ላይ ከብዙ ምርጫ ጥያቄዎች ይልቅ ባዶ ማዘዣ ወረቀትና የአንድ ታማሚ ታሪክ እንሰጣለን። ያ የፌኒቶይን ታማሚም ይመለሳል። ተማሪው 350 ብሎ ከጻፈ አንድ ጥያቄ ብቻ እንጨምርለታለን፦ ታማሚው ለክትትል መቼ ተመልሶ ይምጣ? «ከሦስት ቀን በኋላ» ካለን የመድኃኒቱ መጠን ገና አልተረጋጋም። «ከስድስት ወር በኋላ» ካለንም፣ ስሌቱ በአማካይ ሰው የተሠራ መሆኑንና የዚህ ሰው ወፍጮ ከአማካዩ ያነሰ ሊሆን እንደሚችል አስታውሰነው እንደገና እንዲያስብበት ወረቀቱን እንመልስለታለን።