ጳጉሜን የሚያውቅ የቀን ክላስ

ወላይታ ሶዶ ያላችሁ ጀማሪ ፕሮግራመሮች፣ የራሳችሁን የቀን ክላስ ስትጽፉ ቀን፣ ወርና ዓመትን ለየብቻ እየደመራችሁ አትድከሙ። ቀኑን መጀመሪያ ወደ አንድ ተራ ቁጥር ለውጡት፤ መደመርና መቀነሱ እዚያው ያልቃል።

ቀመሩ፦ 365 × (ዓመት − 1) + (ዓመት ÷ 4) + 30 × (ወር − 1) + ቀን። ማካፈሉ ቀሪውን ይጥላል። ጳጉሜን 6 ቀን የሚኖራት ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ ነው። የፈረንጆቹ አቆጣጠር ይህን ያህል ቀላል አይደለም!

በጊፋታ እንሞክረው። የወላይታ ዘመን መለወጫ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል፤ ሰባት ቀን ስለሆነ እሑድ አንዴ ብቻ ይገኛል። የመስከረም 14 ቀን 2018 ቁጥር 736723 ነው። ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ረቡዕ። የእሑድ ቀሪ 5 ስለሆነ 4 ቀን ጨምሩ፦ መስከረም 18።

የሚያስቸግረው «አንድ ወር ጨምር» ነው። ከነሐሴ 30 አንድ ወር ሲቆጠር ጳጉሜን 30 የሚባል ቀን የለም። ለወርሃዊ ክፍያ ከሆነ እኔ ጳጉሜን ዘልዬ መስከረም 30 እላለሁ፤ የወር ደመወዝም በጳጉሜን አይከፈልም። 30 ቀን መጨመር ግን ሌላ ፈንክሽን ይሁን፣ መልሱም መስከረም 24 ወይም 25 ነው።