ሰርቨሩ ስለ ራሱ ሲጠየቅ

ዳታቤዝ ሲባል ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን ስለ ሰው ወይም ስለ ገንዘብ የሚጠየቅ ነገር ነው። ይሄ ደንበኛ ስንት ብር አለው? ትናንት ስንት ዕቃ ተሸጠ? እኔ ግን አዲስ ሥራ ስጀምር ከሁሉም በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው፦ «ለመሆኑ አንተ ውስጥህ ምን አለ?» ስንት ሰንጠረዥ ይዘሃል፣ በየሰንጠረዡ ምን ምን ዓምድ አለ፣ እዚህ ዓምድ ላይ የሚገባው ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ? የዚህ ጥያቄ መልስ ሜታዳታ ይባላል። ስለ መረጃው የሚናገር መረጃ እንደ ማለት ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ከያዛችሁት ስልክ እንጀምር። አንድሮይድም ይሁን አይፎን፣ ብዙ አፖች መልእክትና የስም ዝርዝር የሚያስቀምጡት ኤስኪውላይት በተባለች ትንሽ ዳታቤዝ ነው። ሰርቨር የላትም፣ ሁሉ ነገሯ አንድ ፋይል ውስጥ ነው። ከፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ የሚጀምር፣ አምስት ዓምድ ብቻ ያለው አንድ ለየት ያለ ሰንጠረዥ አለ። ሥራው ስለ ሌሎቹ ሰንጠረዦች መናገር ነው፤ ስማቸውን፣ ከስንተኛው ገጽ እንደሚጀምሩ፣ መጀመሪያ ሲፈጠሩ የተጻፈውን ትእዛዝ ጭምር ይዟል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚነበበው እሱ ነው። ያለ እሱ የእናታችሁ ስልክ ቁጥር የቱ ጋ እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ሐሳቡ የኤድጋር ኮድ ነው። ኮድ እንግሊዝ አገር ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ አይቢኤም ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ መረጃን በሰንጠረዥ ማስቀመጥን የሚያስረዳውን ጽሑፉን ያወጣው በ1970 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት ፕሮግራሙ መረጃው ጋ ለመድረስ መንገዱን ራሱ ማወቅ ነበረበት። ፕሮግራመሩ ሥራ ከለቀቀ መንገዱንም ይዞት ሄደ ማለት ነው። በ1985 ደግሞ ኮድ «12 ሕጎች» የሚባሉትን አወጣ (ከዜሮ ስለሚቆጠሩ በትክክል 13 ናቸው)። አራተኛው፣ ዳታቤዙ ስለ ራሱ ያለው መግለጫ እንደ ማንኛውም መረጃ በሰንጠረዥ ይቀመጥ፣ ፈቃድ ያለው ሰውም በዚያው በተለመደው ቋንቋ ይጠይቀው ይላል። ለእኔ ከሕጎቹ ሁሉ ደጉ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ለማያውቅ እንግዳ ሰው የተጻፈ ነው።

ወደ ትልልቆቹ ሰርቨሮች ስንመጣ ነገሩ ይሰፋል። ፖስትግሬስን ውሰዱ። የሰንጠረዦችን ስም የሚይዝ አንድ ሰንጠረዥ አለው፣ የዓምዶችን የሚይዝ ሌላ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የስም መዝገቡ የራሱንም ስም ይዟል! ታዲያ ሰርቨሩ ሲነሳ መዝገቡን ለማንበብ ስለ መዝገቡ የሚናገረውን መዝገብ ማንበብ አለበት፤ ዶሮዋ ትቅደም ወይስ እንቁላሏ የሚሉት ዓይነት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የጥቂቶቹ መሠረታዊ መዝገቦች ቅርጽ በፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ አስቀድሞ ተጽፏል፤ ከእነሱ ተነስቶ ሌላውን ያነባል።

ደግሞ ይሄን መዝገብ የሚያነበው እንደ እኔ ያለ ጠያቂ ሲመጣ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው «የአባላትን ስም አምጣ» ብሎ ባዘዘ ቁጥር ሰርቨሩ መጀመሪያ ራሱን ይጠይቃል። አባላት የሚባል ሰንጠረዥ አለኝ? ስም የሚባል ዓምድ አለው? ይሄ ሰውዬ እንዲያየው ተፈቅዶለታል? ሁልጊዜ ዲስክ ላይ እንዳይመላለስ መልሱን ሜሞሪ ላይ ይዞ ይቆያል። የዓምድ ስም ስትጽፉ አንድ ፊደል ብትስቱ «ምናልባት ይሄኛውን ለማለት ይሆን?» የሚላችሁም ከዚሁ መዝገብ አይቶ ነው።

ዲቢቨርን ወይም ፒኤችፒ ማይአድሚንን የከፈታችሁ በግራ በኩል የተዘረዘሩትን ሰንጠረዦች ታውቃላችሁ። አንዱን ስትጫኑ ከጀርባ የሚሄደው ተራ የኤስኪውኤል ጥያቄ ነው። ፕሮግራሙ ለድራይቨሩ «ዓምዶቹን ስጠኝ» ይለዋል፤ ድራይቨሩ ያንን ሰርቨሩ ወደሚገባው ጥያቄ ይተረጉመዋል፤ መልሱ እንደ ማንኛውም መልስ ረድፍ በረድፍ ይመጣል። ሰርቨሮቹ የየራሳቸው መዝገብ ስላላቸው፣ በ1992 የወጣው የኤስኪውኤል ደረጃ ኢንፎርሜሽን ስኪማ የሚባል የጋራ መጠየቂያ አስቀመጠ። ማይኤስኪውኤል ላይ ግን ይሄ መጠየቂያ ለዓመታት ቀርፋፋ ነበር። የእያንዳንዱ ሰንጠረዥ መግለጫ በየራሱ ፋይል ስለነበር ሰርቨሩ መልስ ለመስጠት ፋይሎቹን አንድ በአንድ ይከፍት ነበር። በ2018 የወጣው ስሪት 8 መግለጫዎቹን ሰብስቦ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገባቸው። ኮድ ያለው ማለት ነው፣ ዘግይቶም ቢሆን።

ደጉ ሕግ ግን ለሌባም ደግ ነው። አንድ ድረ ገጽ ተጠቃሚው የጻፈውን ሳያጣራ ከኤስኪውኤል ጋር ከቀጠለው፣ ሰብሮ የገባው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ምን ሰንጠረዥ አለህ?» ብሎ ነው። ሰርቨሩም በትሕትና ይነግረዋል። ኢንፎርሜሽን ስኪማ የሚያሳየው ለጠያቂው የተፈቀደውን ብቻ ስለሆነ፣ ድረ ገጹ በሙሉ ሥልጣን ከሰርቨሩ ጋር ከተገናኘ ሌባውም በሙሉ ሥልጣን ያያል። ፖስትግሬስ ደግሞ የራሱን መዝገብ፣ ካልተቀየረ በስተቀር፣ ለገባ ሰው ሁሉ ያሳያል። ይዘቱን ባይሰጥም ስሙን ይሰጣል። «የሚቀነሱ ሠራተኞች» የሚል ሰንጠረዥ ካላችሁ ስሙ ብቻውን ብዙ ያወራል።

ባለፈው ዓመት አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተሙን እንዳይለት ጠራኝ። አባላቱ ሂሳባቸውን በስልክ ማየት ፈልገዋል፣ የትርፍ ክፍፍልም ደርሷል። ሲስተሙን የሠራው ልጅ ውጭ አገር ሄዷል፣ አንዲት ገጽ ማብራሪያ አልተወም። ሰርቨሩ ማይኤስኪውኤል ነው፣ የድሮው ስሪት። ጠየቅኩት፤ መለሰ።

የአንዳንድ አባላት ስም «?????» ሆኖ የሚወጣበትን ምክንያት ወዲያው ነገረኝ፦ የዓምዱ የፊደል ዓይነት ላቲን 1 ነው። የእኛን ፊደል አይዝም፤ ተቀይሮ የተቀመጠው የጥያቄ ምልክት ደግሞ ወደ ፊደል አይመለስም፤ ስሙ ከወረቀት ፎርሙ ላይ እንደገና ይጻፋል እንጂ። የልደት ቀን ዓምዱ «ቀን» ሳይሆን «ጽሑፍ» መባሉም ገባኝ። የሰርቨሩ ቀን የፈረንጅ ነው፤ ጳጉሜን 13ኛ ወር ብላችሁ ብትሰጡት አይቀበልም፣ ጥቅምት 30ንም ፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ስለሚያየው እንዲሁ። ልጁ ጽሑፍ ያደረገው ቸግሮት ነው።

አንድ ዓምድ ግን አስቸገረኝ። «የአባል ሁኔታ» ይላል፤ ዓይነቱ ቁጥር ነው። ረድፎቹን ሳይ 1፣ 2፣ 3 እና 7 አሉ። 7 ምንድነው? ሰርቨሩ ሙሉ ቁጥር መሆኑን፣ ባዶ መሆን እንደማይችል ይነግረኛል። ለማብራሪያ የተተወው ቦታ እስከ 1024 ፊደል ይይዛል፤ አንድም ፊደል የለበትም። ኮሚቴው «የወጡ አባላት ይሆናሉ፣ ከክፍፍሉ ይውጡ» ወደ ማለቱ አዘንብሎ ነበር። ሂሳባቸው ውስጥ ግን ብር አለ።

ጡረታ ወደ ወጡት የቀድሞ ገንዘብ ያዥ ቤት ሄድን። «እትዬ፣ ሰባት ቁጥር ምን ነበር?» አልኳቸው።

«ሰባት? የሞቱት ናቸው እንጂ ልጄ» አሉ። «ወራሾቻቸው ገና ያልመጡ። እኔ ነኝ እንዲለይልኝ ያልኩት፣ ብራቸው ከሌላው እንዳይደባለቅ ብዬ።»

ያንኑ ዕለት ቃላቸውን በአማርኛ የዓምዱ ማብራሪያ ላይ ጻፍኩት። ሰንጠረዡ ላቲን ቢሆንም ማብራሪያው ዩኒኮድ ስለሆነ ይቀበላል። የ7ቶቹን ዝርዝር አትሜ ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጠሁ፤ አሁን ወራሾቹን በየሰፈሩ እያፈላለጉ ነው።