«ይኸ ደግሞ መጽሐፍ ነው?»
ኮሚክስን ከልጆችና ከአያት ጋር ስናነብ



በአሽዶድ ከተማ በሮቫ ዳሌት በምንኖርበት ሕንጻ ውስጥ አንድ ሰንበት ከሰዓት በኋላ በሆነው ነገር እንጀምራለን። ምሳ ተበልቷል፤ የባሕሩ ነፋስ በመስኮት ይገባል፤ ትልልቆቹ ይጨዋወታሉ። የአሥር ዓመቱ ልጅ ግን ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ቀይ ካባ የለበሰ ሰው በሰማይ ሲበር የተሳለበትን ቀጭን መጽሐፍ ያገላብጣል። አጠገቡ የተቀመጡት አያቱ ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «ይኸ ደግሞ መጽሐፍ ነው? ፊደሉ የታለ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ቀና ሳይል በዕብራይስጥ «ኮሚክስ ነው፣ ሳብታ» ብሎ መለሰ። ጨዋታው በዚሁ ተቋረጠ።

ይህን የመሰለ ነገር በብዙ ቤት የሚሰማ ነው። ወላጆች «ገንዘብ ያባክናል፤ ከትምህርቱ ያዘናጋዋል፤ ድብድብ ያስተምረዋል» ይላሉ። ልጆች ደግሞ «ሳታነቡት ትፈርዳላችሁ» ብለው ይመልሳሉ። እኛም ሳያነቡ መፍረድ ደግ አይደለም በማለት፣ ለጥቂት ሰንበቶች ከልጁ፣ ከታላቅ እኅቱና ከአያታቸው ጋር ተቀምጠን የተለያዩ ኮሚክሶችን አነበብን። ያገኘነውን መልካም ነገርና ጉድለት ከዚህ በታች እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኮሚክስ ምንድን ነው?

ኮሚክስ ማለት በተከታታይ ሥዕሎች የሚነገር ታሪክ ነው። ገጹ በአራት ማዕዘን ክፍሎች ይከፋፈላል። ሰው ሲናገር ቃሉ ከአፉ የወጣ ፊኛ በሚመስል ክበብ ውስጥ ይጻፋል፤ በልቡ ሲያስብ ደግሞ ክበቡ ደመና ይመስላል። በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው መካከል የሆነውን አንባቢው ራሱ በሐሳቡ ይሞላዋል። ለምሳሌ በአንዱ ክፍል ሰውዬው በር ላይ ቆሞ፣ በሚቀጥለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢታይ፣ መግባቱንና መቀመጡን የምናውቀው እኛ ነን። ስለዚህ ኮሚክስ ማንበብ ሥራ የሌለበት ነገር አይደለም።

ይህ ዓይነቱ አሠራር ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ከዘንዶው ጀምሮ ወደ ንጉሥ ሰሎሞን እስከ መሄዷና ልጅ እስከ መውለዷ ድረስ፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍሎች ከፋፍለው በአንድ ሸራ ላይ የሚስሉ የአገራችን ሰዓሊዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ይህን ስናነሣ አያትዬው ወዲያው «እሱንማ አዲስ አበባ ሳለን ሱቅ ደጃፍ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ፤ ሳላነብ ነው ታሪኩን የጨረስኩት» አሉ። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጽሐፉ ቀና ያለው ያን ጊዜ ነው።

ሁለት ስም ያለው ጀግና

መጀመሪያ ያነበብነው ልጁ የያዘውን የሱፐርማንን ታሪክ ነው። ሱፐርማን ለአንባቢ የቀረበው በ1938 በአሜሪካ «አክሽን ኮሚክስ» በተባለ መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥር ላይ ነው። የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ፣ በክሊቭላንድ ከተማ የተገናኙ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። አንዱ ጻፈ፣ ሌላው ሳለ።

ታሪኩን ለማያውቁ በአጭሩ እንንገር። አንድ ዓለም ሊጠፋ ሲል አባትና እናት ልጃቸውን ብቻውን በመንኮራኩር አሳፍረው ይሰዱታል። ሕፃኑ በማያውቀው አገር ደርሶ፣ ባዕድ ሰዎች አንሥተው ያሳድጉታል። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ካል ኤል ነው፤ ያደገበት አገር ሰዎች የሚጠሩት ግን ክላርክ ኬንት ብለው ነው። ልጁ ይህን ሲያስረዳ አያትዬው «ቃለ ኤል ነው የምትለው? የእግዚአብሔር ቃል?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ሳቀ፤ ቀጥሎም ዝም አለ። እሱም ራሱ በቤት የሚጠራበት የአማርኛ ስምና በትምህርት ቤት የሚጠራበት የዕብራይስጥ ስም አለው። «ሳብታ፣ እኔም እኮ ሁለት ስም አለኝ» አለ። «ለአንተማ ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝ» አሉ አያትዬው። ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ልጁ የሰማው በዚያ ሰንበት ነው።

ብዙዎቻችን አገር ስንገባ ስማችን በመዝገብ ላይ ተለውጦ አግኝተነዋል። በሌላ ስም እየተጠሩ የራስን ስም በልብ መያዝ ምን እንደሚመስል የስደተኛ ልጆች ያውቃሉ። የሱፐርማን ፈጣሪዎችም ከዚህ ዓይነት ቤት የወጡ ነበሩ።

ከታሪኩ ጀርባ ደግሞ ለወላጆች የሚጠቅም ሌላ ትምህርት አለ። ሲግልና ሹስተር የሱፐርማንን መብት አሳልፈው የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። አሳታሚዎቹ ከፍተኛ ገንዘብ ሲያገኙ፣ ሁለቱ ግን ለብዙ ዓመታት ተቸግረው ኖሩ። በ1975 ብቻ ነው፣ ነገሩ በጋዜጣ ከተጮኸ በኋላ፣ በየዓመቱ 20,000 ዶላር ጡረታ የተቆረጠላቸውና ስማቸው በመጽሐፉ ላይ እንዲጻፍ የተደረገው። ያልገባንን ወረቀት አንፈርም!

በእኛ አስተያየት የሱፐርማን ታሪክ መነሻው ጠንካራ ነው። ጉድለቱ ግን ጀግናው ከመጠን በላይ ኃይለኛ መሆኑ ነው። ጥይት የማይመታው ሰው ሲዋጋ አንባቢ አይሰጋም። ልጁም «ሁልጊዜ ያሸንፋል» ሲል ተስማምቷል።

ከዋካንዳ እስከ አዲስ አበባ

ሁለተኛው «ብላክ ፓንተር» ነው። ይህ ጥቁር አፍሪካዊ ንጉሥ በ1966 በስታን ሊና በጃክ ከርቢ ተፈጠረ። እነዚህም ሁለቱ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ናቸው። ጃክ ከርቢ ቀደም ሲል ከጆ ሳይመን ጋር «ካፒቴን አሜሪካ»ን ፈጥሯል፤ አሜሪካ ገና ወደ ጦርነቱ ሳትገባ ጀግናው ሂትለርን በቡጢ ሲመታ በሽፋኑ ላይ አሳይቷል። ብላክ ፓንተር በ2018 ፊልም ሆኖ ሲወጣ ብዙ ልጆቻችን በደስታ አይተውታል። መልካቸውን የሚመስል ንጉሥ፣ ሊቅና ወታደር በአንድ ታሪክ ውስጥ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

አያትዬው ግን «ይኸ አገር የት ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጅቱ «የለም ሳብታ፣ ፈጠራ ነው» አለቻቸው። «የጎንደር ግንብ ቆሞ እያለ ፈጠራ ምን አስፈለገ?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገሩ ግን እውነት አለው። ልጆቻችን የዋካንዳን ንጉሥ ስም ያውቃሉ፤ የአያቶቻቸውን መንደር ስም ግን ብዙዎቹ አያውቁም።

ስለዚህ ሦስተኛ የመረጥነው ከኢትዮጵያ የተወሰደ ታሪክ ነው። ብሥራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የልዕለ ጀግና ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ባለ ታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ከዚያም ያልታሰበ ኃይል ያገኛል። ይኸው አሳታሚ ቀጥሎ «ሃዊ»ን አወጣ። ሃዊ በኦሮምኛ ምኞት ማለት ነው። በዚህኛው ውስጥ በውጭ አገር የምትኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊት ወጣት ከእናቷ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ትሄዳለች፤ እዚያም እናቷ ትጠለፍባታለች።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ገጠመን። ልጁ የአማርኛውን መጽሐፍ እንደ ዕብራይስጥ ከቀኝ በኩል ከፈተውና መጨረሻውን በመጀመሪያ አየው። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ የሥዕሎቹም ቅደም ተከተል ይለዋወጣል። አያትዬው ፊደል አልቆጠሩም፤ ልጆቹም አማርኛ ማንበብ አይችሉም። እኛ ፊደሉን ጮኽ ብለን አነበብን፤ ልጆቹ ሥዕሉን ተከታተሉ፤ አያትዬው ለልጆቹ ያልገባቸውን ቃል አስረዱ። ማናችንም ሌላው ባይኖር ሙሉውን አናገኘውም ነበር።

የ«ጀምበር» ጥንካሬ ጀግናው ከመብረሩ በፊት እንጀራ የሚያስጨንቀው ሰው መሆኑ ነው። ድክመቱ ደግሞ በየቁጥሩ የሚወጣ ስለሆነ ነገሩ ሲጥም «ይቀጥላል» ብሎ ማቆሙ ነው። «ሃዊ»ን ልጅቱ ይበልጥ ወዳዋለች፤ ምክንያቷንም ስንጠይቃት «አገሩን አታውቀውም፣ ግን የሷ ነው» አለች።

ኃይል የሌላቸው ሰዎች ታሪክ

ኮሚክስ ሁሉ ስለ ኃያላን አይደለም። በትልልቅ ኩባንያዎች ሳይሆን በሰዓሊው በራሱ ፈቃድ የሚዘጋጅ፣ ስለ ተራ ሰው ኑሮ የሚናገርም አለ። በእስራኤል ኡሪ ፊንክ በ1978 ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ «ሳብራማን» የተባለ እስራኤላዊ ልዕለ ጀግና ፈጥሮ ነበር። በ1995 ደግሞ ሩቱ ሞዳንና ይርሚ ፒንኩስ «አክቱስ» የተባለውን የሰዓሊዎች ቡድን አቋቁመው ሥራቸውን ራሳቸው ማሳተም ጀመሩ።

ከሩቱ ሞዳን ሥራዎች በ2013 የወጣውን «ሀኔኸስ» አነበብን፤ ንብረቱ ማለት ነው። አንዲት አሮጊት ከልጅ ልጃቸው ጋር በጦርነቱ ዘመን የቀረ ንብረት ለማስመለስ ከእስራኤል ወደ ዋርሶ ይሄዳሉ። አያትዬዋ ግን ለልጅቱ ያልነገሯት ነገር በልባቸው አለ። መጽሐፉ በ2014 በኮሚክስ ዓለም የታወቀውን የአይስነር ሽልማት አግኝቷል። ለአዋቂዎች የተዘጋጀ በመሆኑ ለትናንሽ ልጆች እንዲሰጥ አንመክርም፤ እኛም ለልጆቹ የመረጥናቸውን ገጾች ብቻ ነው ያሳየነው።

አያትዬው የአሮጊቷን ፊት በአንዱ ሥዕል ላይ ረዥም ጊዜ ተመለከቱና «ይህች ሴትዮ ያልተናገረችው ነገር አለ» አሉ። ቃሉን አላነበቡም፤ ከፊቷ ነው ያወቁት። ልጁም ቀበል አድርጎ «አንቱስ ሳብታ?» አላቸው። መልስ አልሰጡም።

በማግሥቱ እሑድ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንድ ወረቀት በስድስት ክፍል ከፍሎ የአያቱን ጉዞ ሳለ። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን 14,325 ያህል ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል መምጣታቸውን በትምህርት ቤት ተምሯል። ሥዕሉን አምጥቶ አሳያቸው። አያትዬው ልክ እንደ እኛ እንደ ገምጋሚዎቹ አንድ በአንድ ያርሙት ጀመር። «ሻንጣ ሳልክ፤ ሻንጣ አልያዝንም፣ ጥለን ነው የመጣን። ወንበርም ሳልክ፤ ወንበሩ ተነቅሎ ነበር፣ መሬት ነው የተቀመጥን። ግንባራችን ላይ ደግሞ ቁጥር ተለጥፎ ነበር፣ እሱን ረሳኸው።» ልጁ እየሰረዘ አስተካከለ።

ቀጥለው በጣታቸው ሰዎቹን ቆጠሩ። ልጁ የሳለው አያቱን፣ ወንድ አያቱን፣ አባቱንና አክስቱን ነው። «ከጎንደር ስንነሣ አምስት ነበርን» አሉ። ልጁ ግራ ተጋብቶ አባቱን ተመለከተ። አያትዬው በ1990 አዲስ አበባ ሆነው ተራ ሲጠብቁ ትንሹ ልጃቸው ታሞ ሞቶ እዚያው እንደተቀበረ ነገሩት። ልጁ አጎት እንደነበረው አያውቅም ነበር። አባቱም በዚያን ጊዜ ሕፃን ስለነበር መቃብሩ የት እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። ልጁ እርሳሱን ይዞ «ምን ይመስል ነበር?» አለ። «አንተን» አሉት። በመጀመሪያው ክፍል፣ ከመንደር ሲወጡ በሚያሳየው ላይ፣ አምስተኛውን ሰው ጨመረ።

ለወላጆች ምክር

ከዚህ በኋላ «ኮሚክስ ጊዜ ማባከን ነው» ማለት አንችልም። ሁሉም መልካም ነው ማለትም አንችልም። ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

መጽሐፉን ልጅ ከማንበቡ በፊት ገለጥ ገለጥ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፤ ለአዋቂ የተዘጋጀው ከልጆቹ ጋር ተደባልቆ ሊገኝ ይችላልና። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ «ማን አሸነፈ?» ከማለት ይልቅ «ለምን ተጣሉ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ዕብራይስጥ የማያነቡ ወላጆች አይፈሩ፤ ልጁ ሥዕሉን እያሳየ ይተርክላቸው። መግዛት የማይችል በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይጠይቅ። ልጆቻቸውን ይዘው መውጣት የሚፈልጉ ደግሞ በ2007 በሖሎን ከተማ የተከፈተውን የካርቱንና የኮሚክስ ሙዚየም ቢያዩ አይጸጸቱም።

ከሁሉ በላይ ግን ወረቀትና እርሳስ በቤት ውስጥ አይጥፋ። ልጆች የአያቶቻቸውን ታሪክ በስድስት ክፍል ስለው ያሳዩ፤ አያቶችም የተሳሳተውን ያርሙ። የሚያርሙት አያቶች በሕይወት ሳሉ ቢሆን ይሻላል።

መልካም ንባብ፤ ሻሎም ለሁላችሁ።